አናጢው ከመጋረጃው ጀርባ

አንዲት ወጣት በጠዋት የአናጢውን ሱቅ ደጃፍ ስትረግጥ፣ የቤቱ ጌታ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት እያሸ ነበር። ለሰፈሩ ሰው ግን እዚያ አልነበረም። ለሰፈሩ ሰው አናጢው ራቅ ያለ ከተማ ትልቅ ሥራ ይዞ ሄዷል፤ ሚስቱ ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ስትምል ይኸው ሠላሳ ስምንት ቀኗ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። አናጢው የትም አልሄደም። የሄደው ግራ እግሩ ነው፣ ያውም ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ። መጋዝ ስለሚጮኽ መጋዙን ከተወ ቆይቷል፤ የሚሠራው ድምፅ የሌለውን ሥራ ብቻ ነው።

ስኳር በሽታ እንዳለበት ከተነገረው ዓመታት አልፈዋል። እሱ ግን በሽታውን እንደ ሩቅ ዘመድ በስም ብቻ ነበር የሚያውቀው። እግሩ መደንዘዝ ሲጀምር “ድካም ነው” አለ። አንድ ቀን ሚስማር ጫማውን በስቶ ገባና ሙሉ ቀን አብሮት ዋለ፤ አልተሰማውም። ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ደም ሆኗል። ለሚስቱ መናገር አፈረ። ሐኪም ቤት መሄድማ የባሰ አሳፈረው፤ ምክንያቱም በትንሽ በትልቁ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ጎረቤት ሲያይ በአሽሙር የሚወጋው እሱ ራሱ ነበር። ስለዚህ ለተሰነጠቀ እንጨት የሚያደርገውን አደረገ፤ ቁስሉን ኮላ ቀብቶ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። በአሥራ አንደኛው ቀን ጉዱን ለሚስቱ የነገራት ሽታው ነው። ሆስፒታል ሲደርስ እግሩ እስከ ባቱ ጠቁሮ ነበርና፣ ሐኪሞቹ ነፍሱን ለማትረፍ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

በአራተኛው ቀን ቀዶ ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ “ቁስልዎ ጥሩ እየያዘ ነው። ስፌቱ እንደወጣ ጊዜያዊ እግር ለክተን እናቆምዎታለን፤ ቶሎ ነው ጥሩው” ብሎት ነበር። አናጢው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስፌቱ በወጣ ማግስት በመኪና ተጭኖ በጓሮ በር ገባ። ከመኪናው እስከ ቤቱ ያለችውን አሥር እርምጃም አንሶላ አከናንቡኝ ብሎ እንደተሰረቀ ዕቃ ተሸፍኖ አለፋት።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ነው የወጣቷን ድምፅ የሰማው።

“እንደምን አደሩ፣ እትዬ” አለች። “ሆስፒታል፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ክፍል ነው የምሠራው። እንጨት ላዝ ነበር።”

አናጢው ድምፁን አወቀና እጁ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሰዓት ሠሪው ልጅ ናት። በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ በዚህ ሁኔታ እንዳያዩት የሚመኘው ሁለት ሰዎችን ነው፤ አንዱ ሰዓት ሠሪው፣ ሁለተኛዋ ይህች ልጅ።

ምክንያቱ ደግሞ ይህ ነው። ሰዓት ሠሪው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ አንድ እግሩን አጣ። በሁለት ክራንች ተደግፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መንገድ በወጣበት ቀን፣ አናጢው ደጁ ላይ ቆሞ፣ “እዩት! ይኸ ሰው ሦስት እግር አወጣ እኮ! በርጩማ ሆነ!” አለ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ስሙም ተጣበቀ። ዛሬ ሰዓት የሚያሠሩት ደንበኞች እንኳ ሰውየውን በሌላ ስም አያውቁትም።

“ምን ዓይነት እንጨት ነው፣ ልጄ?” አለች ሚስቱ ከፊት ለፊት።

“መራመድ የሚማሩ ሰዎች ግራና ቀኝ የሚይዙት ድጋፍ ነው። ሁለት ረጃጅም አግዳሚ፣ እያንዳንዱ አራት ሜትር፣ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚቆም። ሰውየው በመሀል ይሄዳል።”

“ለበር መቃን ያዘጋጀነው አራት ማዕዘን እንጨት አለ። እሱን ብናደርግልሽስ?”

“እኔ እንኳ አላውቅም፤ እርስዎ ካሉ...”

“አራት ማዕዘን አይሆንም!” የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ፈነዳ። “ክብደቱን ጥሎ የሚይዝ ሰው መዳፉ በጠርዙ ይላጣል! ክብ ይሁን፣ ሦስት ጊዜ ይታሽ!”

 አናጢው ምላሱን ነከሰ፤ ግን የወጣ ነገር ወጥቷል።

“ሬዲዮ ነው” አለች ሚስቱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች።

“ሙያ የሚያውቅ ሬዲዮ ነው” አለች ወጣቷ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል? ልግባ?” አለች።

 ሚስቱ ግን በሠላሳ ስምንት ቀን ውሸት ጉሮሮዋ ደርቆ ነበርና መጋረጃውን ራሷ ገለጠችው። አናጢው ብርድ ልብሱን ጭኑ ላይ ለመሳብ ሲጣደፍ የወንበሩን እግር ከነወረቀቱ ጣለው። ወጣቷ ጎንበስ ብላ አንሥታ ሰጠችውና ብርድ ልብሱን ሳታይ ፊቱን አይታ፣ “እግዜር ይማርዎት፣ ጋሼ” አለችው።

“አየሽኝ እንግዲህ” አለ። “ሂጂና ንገሪያቸው። እንኳን ደስ ያላቸው።”

“የታማሚ ነገር ከእኔ አይወጣም፤ የሥራችን ሕግ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቀዶ ሐኪሙ ቶሎ እግር እንዲለኩ አልነገሩዎትም?”

“ነግረውኛል። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ። ስሚኝ ልጄ፣ የጎደለ ጎድሏል። የሐሰት እግር ሰክቼ ሙሉ ሰው ነኝ ብዬ ሰው ፊት ልቁም? ይኸ ማታለል ነው።”

“አፍንጫዎ ላይ ያለው መነጽርስ?”

“ምን ሆነ?”

“የሐሰት ዓይን አይደለም?”

“መነጽርማ ሁሉም ያደርገዋል!”

“ታዲያ ነውሩ ዕቃው ላይ አይደለማ። የሚያደርጉት ሰዎች ቁጥር ማነስ ላይ ነው።”

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። አናጢው አኮረፈ፤ ሲከራከር የተረታ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ግን ወደ ሌላ ምሽግ ዞረ።

“ደግሞስ እግር ካስፈለገኝ ራሴ አልሠራም? አርባ ዓመት የጠረጴዛ እግር የሠራሁ ሰው ነኝ!” አለና ከፍቅፋቂው ክምር ሥር አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ አናቱ ላይ ጎድጎድ ብሎ ቆዳ የተለበጠበት እግር ነው። ወጣቷ ተቀብላ አገላበጠችው፤ አልሳቀችም። በመገጣጠሚያው ላይ ጣቷን ስትሰድ ስንጥር እንኳ አላገኘችም።

“እንዲህ ያለ እጅ ቢኖረን ምን በወደድኩ” አለች። “ስንት እርምጃ ሄዱበት?”



“አንድ” አለች ሚስቱ። “ከዚያ ወድቆ ጮኸ፤ ለጎረቤት ድስት ወደቀብኝ አልኩ።”

“አዩ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ክብደትዎን የጫኑት በተቆረጠው ጫፍ ላይ ነው። እኛ የምንሠራው እግር ግን ጭኑን ዙሪያውን አቅፎ ክብደቱን ከመቀመጫ አጥንትዎ ሥር ይቀበለዋል። ጉልበትም አለው፤ በመጀመሪያ ይቆለፋል፣ ሲለምዱ ይታጠፋል። ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ ሲቆርጡ የታመመውን ለመጣል ብቻ አልነበረም። ጡንቻውን አጥንቱ ጫፍ ላይ አልብሰው የሰፉት እግር እንዲገባበት አስበው ነው። እርስዎ እንጨት ሲቆርጡ የሚገባበትን ነገር አስበው አይደል የሚቆርጡት?”

ይህ ነገር አናጢውን ነካው። እስካሁን መቆረጡን እንደ መጨረሻ ነበር የሚያየው፤ የሥራ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም። ሆኖም ወዲያው እጁን አልሰጠም።

“እሺ ይሁን” አለ። “አሁን ግን አይደለም። ጉቶው ይጥና፣ ልቤም ይጥና። ሰውም ወሬውን ይርሳ። የዛሬ ዓመት ብቅ እላለሁ።”

ወጣቷ የእንጨቱን እግር ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“አባቴም እንዲህ ነበር ያለው፣ ጋሼ።”

አናጢው ቀና አላለም።

“እግሩ እንደተቆረጠ ቶሎ ና ተብሎ ነበር። እኔ ያኔ አራት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን በክራንች ወጣ፣ ተሳቀበት፣ ስም ወጣለት። ተመልሶ ገባና ዓመት ከመንፈቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ እንዳያመው እያለች ከጭኑ ሥር ትራስ ታደርግለት ነበር። በኋላ በልመና ሄደና እግር ተሠራለት። ግን ጭኑ ወደ ፊት እንደታጠፈ ደርቆ ቀርቷል፤ ቀጥ ብሎ መቆም አልቻለም። እግሩ እስከ ዛሬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ቆሟል። ልጅ ሆኜ ጫማውን የምወለውለው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ያደርገዋል እያልኩ።”

 “ያንን ስም...” አለ አናጢው። “ያንን ስም ማን እንዳወጣው...”

“አውቃለሁ፣ ጋሼ። አባቴም ያውቃል።”

አናጢው አፈረ። ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ ያፈረ መስሎት ነበር፤ ለካ ያ ፍርሃት ነው እንጂ እፍረት አልነበረም። እስካሁን ያፍር የነበረው በሌለው እግሩ ነው፤ አሁን ባለው አፉ አፈረ። ከመጋረጃ ጀርባ የተደበቀው ሌላው እንዳይስቅበት ነበር፤ ያንን ሳቅ ለሰፈሩ ያስተማረው ደግሞ ራሱ ነው። የአንድ ቀን ቀልዱ የአንድ ሰው እግር ከቁም ሣጥን ጀርባ እንዲቀር ምክንያት መሆኑን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቀም። ጠይቆም አያውቅም።

“ታዲያ ለምን ትረጂኛለሽ?” አለ በመጨረሻ።

“እኔማ እንጨት ላዝ ነው የመጣሁት” አለች። “እውነቱን ንገሪኝ ካሉ ግን፣ በአንድ ስድብ ሁለት ሰው ቤት ሲቀር ማየት አልፈልግም። ይልቅ እዚህ የሥራ ጠረጴዛዎ ላይ በጀርባዎ ይተኙልኝ። አንድ ነገር እንለካ።”

ሚስቱና ወጣቷ ደግፈው አስተኙት። ወጣቷ ደህናውን ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ደረቱ እንዲስብ ነገረችው። “አሁን የግራው ጭንዎ ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ ማለት አለበት” አለች። አልተለጠፈም፤ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ተነሣ። አናጢው አንገቱን አቅንቶ አየና ስኳድራውን፣ ቀጥታና ቁመት የሚለካበትን ማዕዘን ብረት፣ ከሚስማሩ አውርደው እንዲሰጡት ጠየቀ። ስንቱን የተጣመመ በር በዚህ ስኳድራ አጋልጧል። ከጭኑ ሥር አቁሞ በራሱ ዓይን አነበበ።

“አራት ሣንቲም ሜትር” አለ። “አራት ሣንቲም ጠምሜያለሁ።”

“ትራሱ!” አለች ሚስቱ ደረቷን ይዛ። “በየቀኑ ከፍ አድርጌ የማስቀምጥለት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያሰናከልኩት!”

“በፍቅር ነው ያደረጉት፣ እትዬ፤ እናቴም እንደዚሁ ነበረች” አለች ወጣቷ። “ማንም አልነገራችሁም። ጋሼም ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ፤ መቀመጡም ያጥፈዋል።”

“መሽቶብኛል?” አለ አናጢው። በሕይወቱ እንዲህ ባለ ድምፅ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

“ገና ነው። እርጥብ ሳንቃ ሲጣመም ምን ያደርጉታል?”

“ሳይደርቅ ጠፍሬ አቀናዋለሁ።”

“ከደረቀስ?”

“ከደረቀማ...” አለና ተወው።

“እርስዎ ገና እርጥብ ነዎት። ትራሱ ዛሬውኑ ይውጣ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት በሆድዎ ይተኙ። ፋሻውን ከጫፉ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያደረግን እንጠቀልላለን፤ አሳያችኋለሁ። ስኳርዎንም በሥርዓት ይቆጣጠሩ፤ የቀረው እግርዎ አደራ ነው፣ ማታ ማታ ከሥሩ ይመልከቱት። ሰኞ ይምጡና እንለካለን። ሌላም አለ፣ ጋሼ። እባክዎ ‘ጉቶ’ አይበሉት። ጭንዎ ነው።”

አናጢው ከጠረጴዛው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ሚስቱን፣ “መጋረጃውን አውርጂው” አላት።

“ሰዎቹንስ ምን ልበላቸው? ስምል ነው የከረምኩት እኮ!”

“ሬዲዮው ተሠራ በያቸው።”

ያን ቀን ከሱቁ የመጋዝ ድምፅ ተሰማ። ሰፈሩ ተሰብስቦ አየው። አንዳንዱ ከንፈር መጠጠ፣ አንዳንዱ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ፤ አንድ ሁለቱ ደግሞ ከአናጢው በተማሩት ቋንቋ ነገር ጣል አደረጉ። አናጢው ሰማ። በእያንዳንዱ ቃል ፊቱ ጋለ፤ ሥራውን ግን አላቆመም።

በዚያው ሰኞ ሁለቱ አግዳሚዎች ክብ ሆነው፣ ሦስት ጊዜ ታሽተው ሆስፒታል ገቡ። ሰው ሠራሽ እግሩ ተለክቶ ሲደርስ፣ በእነሱ መሀል ለመቆም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ራሱ አናጢው ሆነ። ጊዜያዊው እግር እንዳሰበው የሚያምር ነገር አይደለም፤ ከላይ ጭኑን የሚውጥ ጽዋ፣ ከሥሩ የሚቆለፍ ጉልበት፣ ከዚያ የብረት ቱቦና ጫማ። የመጀመሪያው ቀን ቆሞ የቆየው ለሦስት ደቂቃ ነው፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። በሁለተኛው ቀን ቆዳው ቀላና አርፎ ዋለ። የሌለው እግሩ ጣቶች ያሳክኩት ነበር፤ ይህንን ለመናገር ቢያፍርም ሲናገር በክፍሉ ያሉት ሁሉ “እኛንም!” አሉት። በሦስተኛው ሳምንት እጁን ከአግዳሚው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣ። ወጣቷ ስኳድራውን አስመጥታ ነበርና ጭኑን እንደገና ለኩት። ዜሮ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ረፋድ ላይ፣ አናጢው ሱሪውን ተኩሶ፣ ምርኩዙን ይዞ ከሱቁ ወጣ። መንገዱን መሻገር ብቻ ነው፤ ግን ከአግዳሚዎቹ መሀል ከተራመደው ሁሉ ይህ ከበደው። ሰዓት ሠሪው በትንሿ የመስታወት ሱቁ ውስጥ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሰዓት ከፍቷል። ክራንቾቹ ከጀርባው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

“እንደምን አደርክ” አለ አናጢው።

ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ጫማዎቹን አየ። “ጥሩ ቆመሃል” አለ። “ያምሃል?”

“ሲበዛ ያመኛል። ግን እቆማለሁ። መጋዝ የምገፋው ቆሜ ነው፤ ሁለት እጄም ነፃ ነው። ከቤት ወጥቼ እንጨት እመርጣለሁ። ሚስቴ መዋሸት አቆመች። ስኳሬም ስለምንቀሳቀስ ወረደ አሉኝ። ስፌቱ በወጣ ሰሞን ሄጄ ቢሆን ከዚህም በፈጠነ ነበር፤ ዘግይቼም እንኳ የቆምኩት በልጅህ ነው። ዓመት ብቆይ...”

“ዓመት ብትቆይ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ” አለ ሰዓት ሠሪው።

አናጢው ምርኩዙን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። “ያን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እግርህን ከቁም ሣጥን ጀርባ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ግን ይቅር በለኝ።”

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አወጣ። አንዲት ትንሽ ብሎን ይዞ ነበርና መጀመሪያ እሷን አጠበቀ። “ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል” አለ። “ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ነገር ግን መጥተህ በመናገርህ ደስ ብሎኛል። ቁጭ በል።”

አናጢው ሊቀመጥ ጉልበቱን ሲያጥፍ፣ ከመንገዱ አንድ ጎልማሳ ደንበኛ እየተጣደፈ መጣና ከሩቅ፣ “በርጩማ! ሰዓቴ ደረሰ?” ብሎ ተጣራ።

ሰዓት ሠሪው እንደ ለመደው ሊመልስ አፉን ከፈተ። አናጢው ግን እንደገና ተነሥቶ ቆሞ ነበር። መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በጮኸበት በዚያው ድምፅ፣ የሰዓት ሠሪውን ስም ከነአባቱ ጠራ። “የዚህ ሰው ስም ይኸ ነው” አለ። “ሌላውን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ። ዛሬ እዚሁ ቆሜ መልሼ ወስጃለሁ።” ፊቱ እንደ እሳት ነደደ። እግሩ ግን ጸና።

ደንበኛው ግራ ተጋብቶ አንዱንም ሌላውንም አየ። ከዚያ አፉ እንዳልለመደው እየተጠነቀቀ ያን ስም ደገመና፣ “ሰዓቴ ደረሰ ወይ?” አለ።

ሰዓት ሠሪው ዓይኑን በመዳፉ ጀርባ ጠረግ አደረገ።

“ደርሷል” አለ። “ና ውሰድ።”